የማንደፍሮ መቆሚያ

በወይራ አምባ አናት ላይ አንድ ሰፊ ኩሬ አለ። ይህ ኩሬ በበጋ ደርቆ መሬቱ ሲሰነጣጠቅ፣ በመካከሉ የሚያቋርጥ የአገሩ ሰው ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዛል፣ ዱላውንም መሬት እንዳይነካ ትከሻው ላይ ያጋድማል፣ ፀሐይ አናት ላይ ብትሆንም እንኳ ዝቅ ባለ ድምፅ «ደህና እደሩ» ብሎ ያልፋል። እንግዳ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ በቀትር ማን ተኝቶ ነው ደህና እደሩ የሚባለው ይላል። በኩሬው ውስጥ ወደ ምሥራቅ በኩል ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ የማታስቆም ጉብታ አለች። ኩሬው ሲሞላ ትሰወራለች፤ ሲጎድል ከሁሉ አስቀድማ ብቅ የምትለው እሷ ናት። ስሟ የማንደፍሮ መቆሚያ ይባላል። ጉብታዋ ለምን እንዲህ እንደተባለች፣ ሰላምታውም ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎች የሚሉትን ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ። አንዱ ከሌላው የሚለይበት ቦታ ሲያጋጥመኝ ሁለቱንም አስቀምጫለሁ፤ ያልሰማሁትን እንዳልጨምርም ተጠንቅቄአለሁ።

ወይራ አምባ ዙሪያውን ገደል ነው። አሁን በቅሎ የሚያስኬድ መንገድ ተጠርቦለታል። በዚያ ዘመን ግን ከበረሃው ወደ ላይ የምታወጣው መንገድ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም በገደሉ ወገብ ላይ ተጣብቃ የምትሄድ፣ በሬ ከበሬ ጋር ቢገናኝባት አንዱ ወደ ኋላ ካልተመለሰ የማታሳልፍ ነበረች። ዘመኑ የማን ዘመን እንደነበረ አይታወቅም። ከክፉ ቀን በፊት ነው የሚሉ አሉ፤ በኋላ ነው የሚሉም አሉ፤ ለማንኛቸውም ማረጋገጫ አላገኘሁም።

እንደሚነገረው የአምባው ሰው ኑሮ ከሽመላ ጋር የተያያዘ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ሲያብብ ሽመላዎች ከሰሜን በኩል መጥተው በኩሬው ዳር ያርፋሉ፣ ፌንጣ እየለቀሙ ይሰነብታሉ፣ ኩሬው ሲጎድል ደግሞ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከአምባው በላይ ዞረው ዞረው ከፍ ይሉና ወደ ቆላው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ የአምባው ሰው ከብቱን ነድቶ በዚያች መንገድ ወደ በረሃው ወንዝ ይወርዳል፤ ቆላ ካሉት አማቾቹ ዘንድ ከርሞ ዝናብ ሲጥል ይመለሳል። ሽመላው ከመነሳቱ በፊት የወረደ ሰው በወባ እንደሚያዝ ይታመን ስለነበረ ቀድሞ የሚነሳ አልነበረም።

ከሽመላው ሌላ በኩሬው ውስጥ ጉርጥ ነበረ፤ እንቁራሪት የሚመስለው፣ ቆዳው ሻካራ የሆነው ማለት ነው። ጉርጥ የትም አይሄድም። ውሃው ሲሸሽ በኋላ እግሮቹ እየቆፈረ፣ ጀርባውን አስቀድሞ ወደ ጭቃው ይገባል፤ ጭቃው ከላዩ ይደርቃል፤ እሱም ሳይበላና ሳይጠጣ የገዛ ቆዳውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ እስከ ሰኔ ይቆያል። ይህን የአምባው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ነገር ግን እንደ ቁም ነገር የሚያነሳው አልነበረም።

አንድ ዓመት ሽመላዎቹ ሳይመጡ ቀሩ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ኩሬው እየጎደለ ሄደ፣ ሰዉም ዓይኑን ወደ ሰሜን አድርጎ ጠበቀ። ታኅሣሥ ላይ ለምክር ተሰበሰቡ። በመካከላቸው ጎሹ የሚባል ቀልደኛ ሰው ነበረና ተነስቶ፣

«ያልመጣ እንግዳ እስኪሄድ ነው እንዴ የምንጠብቀው? በሉ እንውረድ» አለ።

«አንተ ምን ቸገረህ፣ ያለችህ አንዲት ፍየል ናት። ወባ ቢይዛት ተሸክመሃት ትመለሳለህ» ብለው ሳቁበት።

«እሷስ እኔን ትሸከመኛለች እንጂ» ብሎ ተቀመጠ።

የአምባው የውሃ አባት፣ ማለት የኩሬው ውሃ መቼ እንደሚቀዳና እንዴት እንደሚካፈል የሚወስኑት ሰው፣ አያ ዘለቀ ይባሉ ነበር። እሳቸውም፣ «ሽመላው ሳይነሳ ቆላው ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን? ልጆች ይዘን ወደማናውቀው አንውረድ» አሉ። ጥንቃቄ ነበርና ሁሉም ተስማማ። እንዲህም ሆኖ ያልመጡትን ወፎች መሄድ እየጠበቁ ጥርን ጨረሱ።

የካቲት ሲገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መሬቱ አጉረመረመ፤ ከብቶቹም ሁሉ ባንድ ጊዜ አንገታቸውን አቀኑ። ሰዎች ወደ ገደሉ አፋፍ ሮጠው ሲደርሱ አቧራው ገና ወደ ላይ ይወጣ ነበር። አለቱ ከገደሉ ተላቆ ወርዷል፤ መንገዲቱም አብራ ወርዳለች። የቀረው ፍየል እንኳ የማይረግጠው ልሙጥ የድንጋይ ግድግዳ ነበር። በአምባው ላይ ያለውን ጠፍር ሁሉ ቀጣጥለው ድንጋይ አስረው ቢያወርዱት መሬት ሳይነካ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወደ ቆላው ተጣሩ። መልስ አልነበረም። የበረሃው ወንዝ በዚያ ዓመት ስለደረቀ አማቾቻቸው ውሃ ፍለጋ ርቀው ሄደው እንደነበረ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ኩሬው ደረቀ። ጉርጦቹም አንድ በአንድ ወደ ጭቃው ገቡ። ከብቱ ከመክሳቱ በፊት ይታረድ ተብሎ ታረደ፤ ጊዜው ግን ዐቢይ ጾም ነበርና ሥጋውን ቋንጣ አድርገው ሰቀሉት፤ ልጆችና አራሶች ብቻ እንዲበሉ ቄሱ ፈቀዱ። ሌላው ሰው ቆሎውን እየቆረጠመ ከሥጋው በታች ተቀምጦ ፋሲካን ጠበቀ።

በአምባው ሰሜን በኩል፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ ከጣሪያው ውሃ የሚያንጠባጥብ ዋሻ ነበረ። አያ ዘለቀ ሰዉን ሁሉ ሰብስበው እንዲህ አሉ፤ «የሽመላው መንገድ ተዘግቶብናል። የቀረን የጉርጡ ነው። ከእንግዲህ ፀሐይ ላይ የሚሄድ፣ የሚሮጥ፣ የሚጮኽ አይኑር። ዋሻ ውስጥ እንተኛ። ከጠብታው ለአንድ ሰው በቀን አንድ ዋንጫ ይደርሰዋል።» ሰዉም ገባ። ጠዋትና ማታ ለጥቂት ጊዜ ከመውጣት በቀር ቀኑን ሁሉ ጎን ለጎን ተኝቶ ይውል ጀመር። በዋሻው አፍ የሚታየው ሰማይ አንድ ዓይነት ነበር፤ ደመና የለበትም። ጠብታው ጠብ ሲል ሁሉም ይሰማዋል፣ የሚቀጥለው እስኪወድቅም ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል። አንዱ ሲገላበጥ ሌላውም ቦታ ስለማይበቃው አብሮ ይገላበጣል። ሕፃናት እንኳ ማልቀስ እየተዉ መጡ፤ ይህም ከልቅሶው ይልቅ እናቶችን አስፈራቸው።

«ሚስቴ ዝም ስትል ያየሁት ዛሬ ነው፤ ይህ ድርቅ በከንቱ አልመጣም» ይላል ጎሹ።

«አንተም ዝም በል፣ ምራቅህን ትጨርሳለህ» ትለዋለች እሷ።

በዚህ ዋሻ ውስጥ የአያ ዘለቀ ልጅ ደብሪቱ ሴት ልጅ ወለደች። ባልዋ ማንደፍሮ ይባላል፤ ጉልበተኛ ወጣት ነበረ፤ ዝም ብሎ መተኛት ከሁሉ ይልቅ የከበደው እሱ ነው ይባላል። ፋሲካ አልፎ የደብሪቱ ጡት እየደረቀ ሄደ። አያ ዘለቀ ከራሳቸው ዋንጫ ግማሹን ለልጃቸው ሰጡ፤ አልበቃም። አንድ ቀን ማንደፍሮ አጠገባቸው ተንበርክኮ፣

«አያ፣ ጉርጥ ያለ እርጥበት አይተኛም። ከኩሬው ሥር እርጥብ ጭቃ አለ። እንቆፍረው» አላቸው።

«ኩሬውን የያዘው እሱ ጭቃ ነው። ከሱ በታች የተሰነጣጠቀ አለት ነው። ጭቃው ከተበሳ የሰኔው ዝናብ ምን ላይ ይቆማል?»

«ልጄስ ሰኔ ትደርሳለች?»

አያ ዘለቀ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ ይባላል። የኩሬውን ወለል የበሳ ሰው ከአምባው ይባረር የሚል ሕግ ከአባቶቻቸው የመጣ ነበር፤ ማንደፍሮም ያውቀው ነበር።

በማግስቱ በቀትር፣ ሰዉ ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ ማንደፍሮ ዶማውን ይዞ ወጣ። የኩሬው ወለል እንደ ሸክላ ጠንክሮ ነበር። በምሥራቁ በኩል ቆፈረ። መጀመሪያ ያወጣው ጉርጥ ነበር፤ ደርቆ ድንጋይ መስሎታልና ወረወረው። ሌላም ወጣ፤ እሱንም ወረወረው። ከነሱ በታች ጭቃው ጠቆር ብሎ ቀዝቀዝ አለ። ጭቃውን በኩታው ቋጥሮ ባለው ኃይሉ ሲጨምቀው የደፈረሰ ውሃ በጣቶቹ መካከል ወረደ፤ አንድ ጉንጭ የሚሞላ ያህል በቅል አጠራቅሞ ለሚስቱ ወሰደላት።

«ከየት አገኘኸው?» አለችው።

«ከጠብታው ነው፤ የኔ ድርሻ ነው።»

ጭቃ ጭቃ እንደሚል አውቃለች፤ ግን ጠጣች። ኩታውንም እርጥብ ስለነበረ ለልጂቱ ማቀዝቀዣ እንዲሆን ከራስጌዋ አደረገችው።

እንዲህ እያደረገ ሰነበተ። ጉድጓዱ ከጉልበቱ አለፈ። ሊተወው ሲያስብ ልጂቱ ጠብታ ወተት አግኝታ ስትተኛ ያያል፣ ዶማውንም እንደገና ያነሳል። አንድ ቀን ግን ዶማው ሲወርድ ምንም አልያዘውም። እጀታው እስከ እጁ ድረስ ሰመጠ፤ ሲነቅለውም ከቀዳዳው ቀዝቃዛ ነፋስ ወጥቶ ፊቱን መታው። ማንደፍሮ ነፋሱን ሲያገኝ ምን እንዳደረገ ወዲያው ገባው። ኩሬው ተበስቷል። በደረቅ አፈር ሞላው፤ አፈሩ እየሾለከ ወደ ታች ወረደ። ድንጋይ ከተተበት፤ ድንጋዩ ሲወድቅ የድምፁ መጨረሻ አልተሰማም። የጉድጓዱን አፍ በቅጠል ሸፍኖ ወደ ዋሻው ተመለሰና ከሰዎች መካከል ተኛ። ከዚያች ቀን በኋላ ጠብታው ጠብ ባለ ቁጥር ሌላው ሰው ውሃ ሲያስብ፣ እሱ ያንን ድንጋይ ያስብ ነበር ይባላል። ለሚስቱ አልነገራት። ለማንም አልነገረም።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ዋሻው ጸጥ ብሎ ሳለ፣ «ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ማነው?» አለች የጎሹ ሚስት።

«ሆዴ ነው» አለ ጎሹ።

«ያንተ ሆድ እንኳ እንዲህ ጨዋ አይደለም።»

ሰዉ ሊስቅ ሲል ድምፁ ደገመ። አያ ዘለቀ ከተኙበት ተነስተው ድምፁን እየተከተሉ ወደ ልጃቸው መጡ። ደብሪቱ የልጂቱን ራስ ቀና አድርጋ ኩታውን ብትገልጠው፣ ከጭቃው ጋር ተጠቅልሎ የመጣ አንድ ጉርጥ በእርጥበቱ ነቅቶ፣ ቆዳውን ግማሽ ድረስ አውልቆ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ተቀምጧል።

«ይህ በራሱ እግር እዚህ አልመጣም» አሉ አያ ዘለቀ።

ማንደፍሮ ከግድግዳው ሥር ተነሳና፣ «እኔ ነኝ» አለ።

«ምን ያህል ቆፈርህ?»

«እስከ ነፋሱ።»

ዋሻው ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጩኸት ሆነ። ይባረር አሉ፤ ሕጉ ይፈጸም አሉ። ጎሹ ብቻ ካለበት ሳይነሳ፣ «በየት በኩል?» አለ። ከአምባው የሚባረር ሰው የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። የሚባረረውም የሚያባርሩትም በአንድ ዋሻ ውስጥ ጎን ለጎን ሊተኙ ነው። ደብሪቱም፣ «የጠጣሁት እኔ ነኝ፤ የምታባርሩበት ካገኛችሁ እኔንም ጨምሩኝ» አለች። ያን ጊዜ የጎሹ ሚስት የዕለት ዋንጫዋን አንስታ፣ ከርሷ አንድ ጉንጭ በደብሪቱ ቅል ውስጥ ገለበጠችና፣ «እኛን ብትጠይቀን ምን ነበረበት፣ አንተ ደንቆሮ?» አለችው ማንደፍሮን። ሌላዋም ተከተለቻት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጂቱ የኖረችው በሰው ሁሉ ጉንጭ ነው ይባላል።

አያ ዘለቀ ግን ማንደፍሮን ይዘውት ወደ ኩሬው ሄዱ። እጃቸውን በቀዳዳው ላይ አድርገው ነፋሱን ዳሰሱት። ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ወደ ታች የሚሳብ ሆኖ አገኙትና፣ አንድ ቀን ማለዳ በአፉ ላይ ሣር ቢያጨሱ ጭሱ በገደሉ ፊት ካለ ስንጥቅ ወጣ። ውሃው የሚፈስበት መንገድ በዚያ ታወቀ። ደረቅ አፈር እንደማይዝ ታይቷል፤ ጭቃ ለማቡካት ደግሞ ውሃ የለም፤ የጠብታው ውሃ ለዚህ ቢሰጥ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ቀዳዳው ሊዘጋ የሚችለው በዝናቡ ውስጥ ብቻ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ አንዴ ካመለጠ ኩሬው ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ የሚመጣው በጋም መንገድ የሌላቸውን ሰዎች ያገኛቸዋል።

«አንተ የከፈትኸውን አንተ ትዘጋዋለህ» አሉት። ከዚያም ጉርጡን በእጁ ሰጥተውት፣ «ይህንንም ካወጣህበት መልሰው» አሉት። ማንደፍሮ በኩሬው ዳር በጣቶቹ ቆፍሮ ጉርጡን አስገባውና አፈር አለበሰው። ቀድሞ የወረወራቸውንም ፈልጎ አገኛቸው፤ እነሱ ግን ፀሐይ በልቷቸው ነበር። አያ ዘለቀ ለመሄድ ሲነሱ፣ ቀትር ሆኖ ሳለ፣ «ደህና እደር» አሉ። ይህን ያሉት ለጉርጡ ይሁን ለማንደፍሮ እስካሁን አልተለየም።

ማንደፍሮ ከዚያ በኋላ ዋሻ አልገባም። ከጉድጓዱ አጠገብ በቅጠል መጠለያ ሥር ተኛ፤ አፈሩን አድቅቆ፣ ጭድና የበሬ ቁርበት አዘጋጅቶ ሰማዩን ይጠብቅ ጀመር። ዋንጫውን ደብሪቱ ታመጣለታለች።

ሰኔ ሲገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ዝናቡን አወረደው። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ከዋሻው ወጣ። ጎርፉም ከአምባው መስክ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ኩሬው ገባ፣ ወደ ቀዳዳው ሄዶም መዞር ጀመረ። ማንደፍሮ ቁርበቱን ጠቅልሎ ከተተ፤ ጭዱንና አፈሩን ጨመረበት፤ ራሱም በላዩ ቆሞ ቤት ለመሥራት ጭቃ እንደሚረገጥ በእግሩ ይረግጠው ጀመር። አያ ዘለቀ ከገደሉ አፋፍ በደረታቸው ተኝተው ስንጥቁን ይመለከቱ ነበር። ከዚያ እንደ ክንድ የወፈረ ውሃ ይተፋል።

«ያዘ?» ይላል ማንደፍሮ ከኩሬው።

«ገና ነው!» ይላሉ እሳቸው።

ሰዎች አፈር በቁና እያመጡ በዙሪያው ያፈሳሉ፤ እሱም ይረግጣል። ውሃው ጉልበቱ ደረሰ። «ያዘ?» «ገና ነው!» ወገቡ ደረሰ። እግሩን ላንሳ ቢል ጭቃው ይዞት እምቢ አለው። ቢያነሳውም ቀዳዳው ይከፈታል። የሚረግጠው ጭቃ ሲጠብቅ እሱም አብሮ ተያዘ። ጎሹ ጠፍር ወርውሮለት ነበር ይባላል፤ እሱ ግን ጠፍሩን ይዞ፣ «አትሳቡኝ፤ እስኪይዝ አትሳቡኝ» አለ። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ በዙሪያው የኩሬው ወለል ተንቀሳቀሰ። ጉርጦቹ ነበሩ፤ ከያሉበት ብቅ እያሉ ውሃውን ሞሉት፣ አንዳንዱም በትከሻው ላይ ወጣ፣ ጩኸታቸውም ከዝናቡ በለጠ። ማንደፍሮ የአማቱን ድምፅ መስማት አቃተው። መልስ እንደሌለ ቆጠረና ባለበት ጸንቶ ቆመ።

አያ ዘለቀም ስንጥቁ መጀመሪያ ሲቀጥን፣ ቀጥሎ ሲንጠባጠብ፣ በመጨረሻ ሲደርቅ አዩ። ቢጣሩ አልተሰሙም። ስለዚህ ተነስተው ሮጡ፤ ለዓመታት ሮጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። ኩሬው ውስጥ በልብሳቸው ገብተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ያዘ። ያዘ፣ ልጄ፣ ና ውጣ» አሉት። ከዚያ በፊት ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር።

እንዴት እንደወጣ ነገሩ ይለያያል። አንዳንዶች ሌሊቱን ብርዱ ገብቶበት ቆሞ እንዳለ አረፈ ይላሉ። ሌሎች በጠፍር ተስቦ ወጣ፤ ነገር ግን እግሮቹ ከዚያ ወዲህ ሞቀው ስለማያውቁ እስከ ሽምግልናው በበትር ይሄድ ነበር ይላሉ። የሁለተኛው ወገን ሰዎች ዘሩ እስካሁን መኖሩን ለማስረጃ ያቀርባሉ። ልጂቱ ግን ቀድማ የተወለደች ናትና ይህ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። መኖሩን ብመርጥም ልፈርድ አልደፍርም። ልጂቱ በዚያው ውሃ ክርስትና መነሳቷን ግን ሁሉም በአንድ ቃል ይናገራሉ። መስከረም ከጠባ በኋላ የቆላ አማቾች ተመልሰው መሰላል ሠሩ፣ በጥቅምትም ሽመላዎቹ መጡ። የአምባው ሰው ከዚያ ወዲህ ወፎቹ ቢመጡም ባይመጡም ጥር ከመግባቱ በፊት ይወርዳል።

ዛሬም ኩሬው ውሃ ይይዛል፤ ማንደፍሮ የረገጠው ጭቃም ጉብታ ሆኖ ቀርቷል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ጉርጦቹ መጀመሪያ በጮኹ ቀን፣ ከማንደፍሮ ዘር በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ወንድ ይሁን ሴት በባዶ እግሩ ውሃው ውስጥ ገብቶ በዚያች ጉብታ ላይ ይቆማል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ስንጥቁን ይመለከታል። የቆመው «ያዘ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሽማግሌው ደረቅ መሆኑን እያየ እንኳ «ገና ነው» ይለዋል፤ ይህም ውሃው ጉልበቱ እስኪደርስ ይደጋገማል። በመጨረሻ ሽማግሌው ከአፋፉ ተነስቶ፣ ዕድሜው የፈለገውን ያህል ቢሆን፣ እስከ ኩሬው ይሮጣል። የቆመው ሰው ከርቀት ቢጠራ አይወጣም። ሽማግሌው አጠገቡ ደርሶ ፊቱን በእጁ ይዞ «ያዘ፣ ልጄ» እስኪለው ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።